ምዕራፍ ስድስት፦ መቀበልና ማስታረቅ

በአገራችን ባሏ የመታት ሴት ከጥንት ጀምሮ መሄጃ አልነበራትም የሚሉ ሰዎች የቀድሞውን ኑሮ አጥርተው የተመለከቱ አይመስለኝም። ልማደ አበው ለእንዲህ ያለችው ሴት የታወቀ መንገድ ነበረው፤ ይኸውም ነጠላዋን አጣፍታ፣ የሚጠባ ልጅ ቢኖራት እሱን አዝላ፣ ወደ አባቷ ቤት ወይም ወደ ታላቅ ወንድሟ ደጅ፣ ዘመድ በቅርብ ቢታጣ ደግሞ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ ክርስትና እናቷ ዘንድ መሄድ ነበር። እዚያም እህል ውሃ ቀርቦላት ጥቂት ቀን ትሰነብታለች፤ ኋላ ባልየው የነፍስ አባቱንና ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችን አስቀድሞ ይመጣል፤ ሽማግሌዎቹም ነገሩን ከሁለቱም ወገን ሰምተው ጥፋቱን ከመዘኑ በኋላ ካሳ እንዲክስ፣ ቀሚስ እንዲያለብሳት፣ ዳግመኛም እጁን እንዳያነሣባት በመሐላ እንዲታሰር ይፈርዱበታል፤ እሷም ተመክራና ተመርቃ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ይህን ሥርዓት በዛሬ ዐይን ብቻ እያዩ ማቃለል አይገባም። ፖሊስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅበት፣ ዳኛም ከወረዳው ከተማ በቀር በማይገኝበት አገር፣ በጓዳ የተሠራውን በደል ወደ አደባባይ አውጥቶ በዳዩን በጎረቤቶቹና በነፍስ አባቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ እንዲቆም ያደርግ የነበረው እሱ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ዐቢይ ጉድለት ነበረበት፤ ተቀባዩና አስታራቂው አንድ ሰው መሆኑ። ሴቲቱን ወደ ቤቱ ያስገባት አባት ገና እግሯ ከደጁ ሲደርስ የምትመለስበትን ቀን ያስባል፤ ሽማግሌውም የሚመዝነው ትዳሩ ይቆም ዘንድ ምን ይበቃል ብሎ እንጂ ሴቲቱ በሕይወት ትኖር ዘንድ ምን ያስፈልጋል ብሎ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችው በርኅራኄ ትታያለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣችው ግን «አንቺስ ምላስሽን አትሰበስቢም ወይ?» ትባላለች። በዚህ ምዕራፍ የምንመለከተው የመጠለያ ቤትና በዙሪያው የቆመው አገልግሎት አዲስ የሆነው እንጀራና መኝታ በመስጠቱ አይደለም፤ ያንንማ የአባት ቤትም ይሰጥ ነበር። አዲስነቱ መቀበልን ከማስታረቅ ለይቶ፣ «መቼ ትመለሻለሽ?» ብሎ ሳይጠይቅ በሩን መክፈቱ ነው።

የቀድሞው ሥርዓት በሚገባ በሠራበት አገርም ቢሆን የሠራው በሽማግሌዎች ርትዕ ብቻ አልነበረም፤ ከበስተኋላው መሬት ነበረ። በሰሜኑ የርስት አገር ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም ወገን እንደ ወንድሟ ርስት መጠየቅ ትችል ነበር፤ በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የአማራን የመሬት ሥሪት ያጠናውና መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው አሜሪካዊው አለን ሆበን ይህን የርስት ነገር በሰፊው አትቶታል። በሰማንያ የተጋባችው ሴትም ጋብቻው ሲፈርስ አብረው ያፈሩትን ተካፍላ መውጣቷ የታወቀ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለችው ባላገር «ወደ አገሬ እገባለሁ» ስትል ቃሏ ባዶ ዛቻ አልነበረም፤ ይህንኑ እያሰበ እጁን የሚሰበስብ ባልም አይጠፋም ነበር። ርስት የሌላት፣ በልጅነቷ ለሩቅ አገር ሰው የተዳረች፣ ወይም በጭሰኛ ቤት የተወለደች ሴት ግን ከዚህ ሁሉ አልደረሰችም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነጻ ባወጣበት እጁ የሴቲቱን የርስት መመለሻ አብሮ ሻረ፤ መሬቱ በቤተ ሰብ ተደልድሎ አዘውትሮ በአባወራው ስም ይመዘገብ ነበርና። ነገሩ መቃናት የጀመረው ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ በአማራና በሌሎችም ክልሎች የመሬት ይዞታ ደብተር ሲታደል፣ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ሲጻፍ፣ በአማራ ክልልም የሁለቱ ፎቶግራፍ ሲለጠፍበት ነው። ይህች ፎቶግራፍ ስለ ሴቶች መብት ከተደረጉት ብዙ ንግግሮች የበለጠ ሥራ ሠርታለች ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

የተጻፈውም ሕግ ለረጅም ጊዜ ከአስታራቂው ጎን ቆሞ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ከመደንገጉም በላይ፣ በባልና ሚስት መካከል የሚነሣውን ክርክርና የፍቺውን ጥያቄ ጭምር አስቀድመው የሚመለከቱት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እንዲሆኑ አዝዞ ነበር። ስለዚህ ከዱላ ያመለጠችው ሴት ከዳኛ ፊት ለመድረስ ገና በሽማግሌዎች በኩል ማለፍ ነበረባት፤ ከእነዚያም መካከል ገሚሶቹ የባሏ ሰዎች ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሴትና ወንድ በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው ከደነገገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከመሥራቾቹ አንዷ የነበሩበት ማለት ነው፣ ይህን የቤተ ሰብ ሕግ ለማስለወጥ ያለ መታከት ተከራከረ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የባልን አለቅነት አስቀርቶ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ አደረገው፤ ለሽማግሌዎችም የማስማማት ሥራ ተወላቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በ564ኛው አንቀጽ የትዳር ጓደኛን ወይም አብሮ የሚኖርን ሰው መጉዳት በስሙ ጠርቶ ከወንጀል አገባው። ይኸው ሕግ ግን በ620ኛው አንቀጽ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ ያለ ነገር አድርጎ ስለ ተረጎመው፣ ባል በሚስቱ ላይ የሚፈጽመው እንዲህ ያለ ግፍ እስከ ዛሬ ከቅጣት ውጭ ቀርቷል፤ ለዚህም አንዳች በቂ ምክንያት ማግኘት አልቻልሁም።

ሕግ ሲለወጥ ልብ ወዲያው ተከትሎ አይለወጥም፤ ቢሆንም ቆሞ አልቀረም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ሊመታ የሚገባበት ምክንያት አለ ብለው የተቀበሉት ሴቶች ከመቶ 85 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ቁጥሩ ወደ 63 ወረደ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት እንዲህ ብለው ያመኑት ወንዶች ከመቶ 28 ብቻ መሆናቸው አንባቢውን ሊያስገርመው ይችላል፤ ለእኔ ግን «ቻይው» እየተባለች ስትመከር የኖረች እናት ለሴት ልጇ የምታወርሰው ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው፣ በ10 አገሮች በተደረገው ጥናት በቡታጅራ ዙሪያ ከተጠየቁት ባለትዳር ሴቶች 71 ከመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ከባላቸው እጅ የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚጠቅመው ግን የዝምታው ቁጥር ነው፤ በ2008ቱ ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 ከመቶዎቹ ለማንም አልተናገሩም፣ ርዳታም አልጠየቁም። ርዳታ የጠየቁትም ቢሆኑ ከሁሉ አስቀድመው የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ እንጂ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ሐኪም አልነበረም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። በሎንዶን ቺዝዊክ በሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1971 ኤሪን ፒዚ የተባለች ሴት የከፈተችው ቤት በዘመናችን ለታወቁት መጠለያዎች እንደ በኵር ይቆጠራል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ወይዘሮ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በአዳማና በሌሎች ከተሞች ይህን ሥራ ይሠራል። የመጠለያ ቤት አድራሻው በአደባባይ አይነገርም፤ በደጁም ሰሌዳ አይሰቀልም፤ ሴቲቱ የምትደርሰው በፖሊስ፣ በሆስፒታል፣ በሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም በሕግ ባለሙያዎች ተልካ ነው። እዚያም ምግብና መኝታ፣ ሕክምና፣ ከሥነ ልቡና አማካሪ ጋር የሚደረግ ምክር፣ የሕግ ድጋፍ ታገኛለች፤ ፊደል ያልቆጠረችው ትማራለች፤ የምግብ ዝግጅት፣ የልብስ ስፌት፣ የጸጉር ሥራ የምትለማመድም አለች። በማኅበሩ ቤቶች ራስን የመከላከል ስልት ጭምር ይሰጣል። ከሚገቡት መካከል ሚስቶች ብቻ እንዳልሆኑ ማወቅ ይገባል፤ ከገጠር መጥተው በሰው ቤት ሲያገለግሉ የተደፈሩ፣ ያረገዙም ልጆች ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ የምሥጢር ጥበቃ ከመጠን ያለፈ የሚመስለው ሰው መውጣት ምን ያህል አስጊ እንደ ሆነ ቢረዳ ኖሮ እንዲያ አይልም ነበር። ዣክሊን ካምቤል የምትባለው አሜሪካዊት የነርስነት ሊቅ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአደጋ መመዘኛ አዘጋጅታ ነበር፤ መመዘኛውም ባልየው መሣሪያ አለው ወይ፣ እገድልሻለሁ ብሎ ያውቃል ወይ፣ አንገቷን አንቆ ያውቃል ወይ፣ እግር በእግር እየተከታተለ ይቀናባታል ወይ፣ በቅርብ ጊዜስ ጥላው ወጥታለች ወይ እያለ ይጠይቃል። እሷና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት ሚስቱን በቁጥጥር አሥሮ ከያዘ ባል መለየት የሞትን አደጋ ይበልጥ እንደሚያከብደው አሳየ። እንግዲህ «ለምን ጥላው አትሄድም?» የሚለው ሰው ሳያውቀው ሴቲቱን ከአደጋው ጫፍ ላይ እየገፋት ሊሆን ይችላል። በብሉይ ኪዳን ሙሴ የመማጸኛ ከተሞችን ሲለይ ወደ እነርሱ የሚወስደው መንገድ እንዲዘጋጅ ጭምር ማዘዙን ሊቃውንቱ ያስተውሉታል፤ የተሠራ ከተማ ያለ ተዘጋጀ መንገድ ምን ይጠቅማል? የመንገዱ ዝግጅት በእኛ ነገር መታወቂያን፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀትን፣ የሕፃኑን የክትባት ካርድ፣ የባንክ ደብተርን አስቀድሞ በታመነች ጎረቤት ቤት ማስቀመጥ ነው፤ የምትወጣበትን ሰዓት ባልየው ከቤት በማይኖርበት ጊዜ ማድረግ ነው፤ ያለችበትም ስፍራ በስልክ እንዳይታወቅ መጠንቀቅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆች ነገር ስለ ሆነ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ብዙ እናቶች ለዓመታት የሚታገሡት ስለ ልጆቻቸው ነው፤ በመጨረሻም የሚወጡት ስለ ልጆቻቸው ነው። አባት ልጁን አንድ ጊዜ እንኳ ባይነካው፣ በግድግዳ ማዶ ተኝቶ የእናቱን ድምፅ የሰማ ሕፃን ያልተመታ አይባልም፤ አድጎ የቆመው ልጅ ዳግመኛ አልጋውን ማርጠብ ይጀምራል፣ ትምህርቱ ይደነዝዛል፣ ወንዱ ታናሽ እኅቱን በአባቱ አነጋገር ሲሳደብ ይሰማል። በመጠለያው ውስጥ ለልጆች የሚደረገው እንክብካቤ ለእናቲቱ ከሚሰጠው ጋር እንደ ጭማሪ የሚታይ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሙያ መሆን የሚገባው ስለዚህ ነው። ከዚህም ሌላ ተራ የሚመስሉ፣ ነገር ግን የሚያስጨንቁ ጉዳዮች አሉ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲለውጥ የሚጻፈው መሸኛ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል፤ አባትም ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ርእሰ መምህሩን አስቀድሞ ማነጋገር ግድ ነው። ልጁ አባቱን ይናፍቃል፤ በተዋሰው ስልክ ደውሎ ያለበትን ሰፈር ቢናገር በእሱ አይፈረድም። በብዙ አገር ያሉ መጠለያዎች ዕድሜው ከፍ ያለውን ወንድ ልጅ ከእናቱ ጋር አያስገቡም፤ ለሌሎቹ ሴቶች ጸጥታ ሲባል ይህ ሥርዓት ምክንያት አለው፤ ነገር ግን የ15 ዓመት ልጇን ከአባቱ ዘንድ ትታ እንድትገባ የተነገራት እናት ተመልሳ ወደ መጣችበት ቤት ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? እንዲህ ላለው ልጅ አብሮ የሚኖርበትን የተለየ ክፍል ማዘጋጀት ውድ ቢሆንም የሚቀር ነገር መሆን የለበትም።

ከሕግ ወገን ያለው መልካም ነገር ብዙዎቹ እናቶች ከሚያስቡት ይሻላል። ከቤት መውጣቷ ብቻውን የጋራ ሀብት ድርሻዋን አያሳጣትም፤ የቤተሰብ ሕጉ በአንዱ ስም የተመዘገበውን ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ልጆቹ የአባታቸው ናቸው የሚለውም የቆየ ብሂል በፍርድ ቤት ዋጋ የለውም፤ ዳኛው የሚያየው የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ነው። የፍቺ አቤቱታ በቀረበ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝ፣ ስለ ሀብቱም አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ከቤት እንዲወጣ ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ እንዲያመዛዝን ታዝዟል። ጉድለቱ ይህ ትእዛዝ የሚገኘው ፍቺ ከተጠየቀ በኋላ መሆኑ ነው። ፍቺ ሳትጠይቅ «ወደ እኔ አይቅረብብኝ» የምትልበት የጥበቃ ትእዛዝ በአገራችን ሕግ ተለይቶ አልተደነገገም፤ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1976፣ ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ ራሱን የቻለ ሕግ አውጥተዋል።

ማስረጃ በቶሎ ይጠፋልና የሐኪሙም ሥራ ከሕጉ አይለይም፤ የበለዘ ፊት በሁለት ሳምንት ይጠራል፣ የተጻፈው የሐኪም ማስረጃ ግን ይኖራል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተቋቋመው የተቀናጀ አገልግሎት ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቡና አማካሪውን በአንድ ግቢ ያሰባሰበው በተለይ ለወሲብ ጥቃት ተጎጂዎች ነው፤ ሐሳቡ ግን ለማንኛዋም ተደብዳቢ ሴት የሚሆን ነው። ታሪኳን በአራት ቢሮ ለአራት ሰው እንደ አዲስ እንድታወራ የምትገደድ ሴት በሦስተኛው ላይ ትታው ብትሄድ ከድካም እንጂ ከሐሰት አይደለም።

ይህን ሁሉ ለማቆም ገንዘብ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ስለ መብት የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ አገር የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ስለ ነበር፣ በነጻ ጥብቅና የሚቆመው የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሥራውን እጅግ ለማጥበብ ተገደደ። ምግብና መኝታ መስጠት እንደ በጎ አድራጎት ተቆጥሮ ተፈቀደ፤ እዚያ ውስጥ የተኛችውን ሴት ከፍርድ ቤት አቁሞ መከራከር ግን እንደ መብት ሥራ ተቆጥሮ ታነቀ ማለት ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሮ ክልከላው ተነሥቷል፤ ዐሥር ዓመት የተበተነውን ባለሙያ እንደገና መሰብሰብ ግን ከአዋጁ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ባሕር ማዶ ላሉት ወገኖቻችን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአሜሪካ በባሏ ጥያቄ የገባች ሚስት «ከተናገርሽ ወረቀትሽን አስቀራለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ይቀርብባታል፤ ነገር ግን በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው በሴቶች ላይ የሚደረገውን ጥቃት የሚመለከተው ሕግ የዜጋ ወይም የቋሚ ነዋሪ ሚስት ባሏ ሳያውቅ በራሷ ስም የመኖሪያ ፈቃድ እንድትጠይቅ ይፈቅዳል። ይህን ሳያውቁ የሚሠቃዩ ብዙዎች ናቸው። የሚያውቁትም ቢሆኑ አስተርጓሚው ባላቸው ከሚሳለምበት ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሰው እንዳይሆን ይሠጋሉ፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም።

ከመጠለያው መውጣቱም ለብቻው የሚታይ ሥራ ነው። ሴቲቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ለክፍሏ ለሚመጣው እንግዳ ቦታ ትለቃለች፤ መነሻ ገንዘብና የተማረችው ሙያ ይኖራት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃት የአዲስ አበባ ኪራይ ነው፤ አከራይዋም «ባልሽስ?» ብላ ትጠይቃታለች። ሥራ ለመቀጠር ብትሄድ ዋስ አምጪ ትባላለች፤ ከዘመዶቿ የሸሸችው፣ ወይም ዘመዶቿ «ታረቂ» ብለው የተዋት ሴት ዋስ ከየት ታገኛለች? በዚህ ላይ የሽማግሌዎችና የነፍስ አባቶች ነገር እንደገና ይታሰበኛል። ከላይ እንዳየነው ሴቶቹ ዛሬም አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነውና፣ መጠለያው የእነዚህን ሰዎች ቦታ ሊወስድ አይችልም፤ በአገሪቱ ያሉት መጠለያዎችም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ የእድር ዳኛው፣ ቄሱ ወይም ሼኹ፣ በአካባቢው ቃሉ የሚሰማ ማንኛውም ሰው ማስታረቁን ለጊዜው ትቶ የመቀበሉን ሥራ ብቻ ቢይዝ፣ ለአከራይዋ «አውቃታለሁ» ብሎ ቢናገርላትና በቀጣሪው ቅጽ ላይ ቢፈርምላት የማኅበራቱን ያህል ይረዳታል። ለዋስትናው የሚጠየቀውም አብዛኛውን ጊዜ የመታወቂያ ቅጂና የደመወዝ ማስረጃ ነው።